ከሻጋታ ጂን የሚገኝ መድኃኒት፦ አፈሩ ለተዘገነበት አገር ድርሻ ይገባዋልን?

አወያይ፦ አንድ ኩባንያ የሻጋታን የጂን ቅደም ተከተል (የዘረመል ፊደላቱን ዝርዝር) ከመረጃ ቋት ወስዶ ለመድኃኒት የሚሆን አዲስ ውሁድ ቢያገኝ፣ ሻጋታው ለተገኘበት አገር ጥቅም ማካፈል አለበትን?

የሕግ ባለሙያዋ፦ አለበት። ሰውነት የተተከለለትን አካል እንዳይገፋ የሚያደርገው፣ የአካል ንቅለ ተከላን ታሪክ የለወጠው ሳይክሎስፖሪን የተባለ መድኃኒት የተገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የስዊዙ መድኃኒት አምራች የሳንዶዝ ሠራተኛ ለዕረፍት በሄደበት በኖርዌይ ሃርዳንገርቪዳ አምባ ላይ ከዘገነው አፈር በወጣ ሻጋታ ነው፤ ኖርዌይ ግን ከሽያጩ ድርሻ አልደረሳትም። ያኔ ቢያንስ አፈሩን ተሸክሞ ድንበር መሻገር ግድ ነበር። ዛሬ የሚሻገረው ፋይል ስለሆነ ጉምሩክ የሚፈትሸው ነገር የለም።

ተመራማሪው፦ እኅቴ፣ ታሪኩ እውነት ነው፤ ቅደም ተከተል ግን መድኃኒት አይደለም። አንድን ውሁድ የሚሠሩት ጂኖች አብዛኛውን ጊዜ በክሮሞሶሙ ላይ ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ ብዙዎቹ ግን በቤተ ሙከራ ውስጥ ሥራ አይሠሩም። እነሱን ለማንቃት ለቤተ ሙከራ ወደሚመች ሌላ ሻጋታ፣ ወደ አስፐርጊለስ ኒዱላንስ እናዛውራቸውና ግሉኮስ ሲኖር የሚዘጋ፣ አልኮል ሲጨመርበት የሚከፈት መቆጣጠሪያ ከፊታቸው እንተክላለን። ከዚያ ሻጋታው ያመነጨውን የሞለኪውሎችን ክብደት በሚለካ መሣሪያ (በማስ ስፔክትሮሜትር) መርምረን፣ ጂኑ ካልገባበት ጋር እናነጻጽራለን። አዲስ ምልክት ታየ ብለን ስንደሰት፣ ውሁዱ ቀድሞ የታወቀ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ገና ከጅምሩ ክፍያ ከተጠየቀ መጀመሪያ ከሥራ የሚወጡት አነስተኛ የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራዎች ናቸው።

የሕግ ባለሙያዋ፦ ከጅምሩ ይከፈል አላልኩም። እ.ኤ.አ. በ2025 በተባበሩት መንግሥታት የብዝኃ ሕይወት ስምምነት ሥር ሥራ የጀመረው የካሊ ፈንድ ከእንዲህ ዓይነት መረጃ የሚጠቀሙ ትልልቅ ኩባንያዎች ከትርፋቸው 1 በመቶ ወይም ከገቢያቸው 0.1 በመቶ እንዲያዋጡ ይጠይቃል፤ ተመራማሪን አይነካም።

ተመራማሪው፦ ከሽያጭ ከሆነ አልቃወምም። አንዱ የሻጋታ ዝርያ በብዙ አገር አፈር ውስጥ ስለሚገኝ፣ ባለቤቱ ማን ነው ብሎ ከመሟገት የጋራ ፈንዱ ይሻላል።

ሌላ ተሳታፊ፦ እኔም ለየአገሩ ውል እምነት የለኝም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ ጤፍ ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር ተፈራረመች፤ ኩባንያው ከሰረ፤ በጤፍ ላይ የያዘው የፈጠራ መብት ግን ወደ ሌላ እጅ ተላልፎ ቆይቶ፣ የሄግ ፍርድ ቤት የሻረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በመካከሉ አገሪቱ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላገኘችም። ይሁንና ፈንዱም መዋጮውን ለኩባንያዎቹ በጎ ፈቃድ የተወ ነው፤ የፈጠራ መብት የሚጠይቅ ሁሉ የተጠቀመበትን ቅደም ተከተል ምንጭ እንዲያሳውቅ ካልተገደደ፣ ማን አዋጣ፣ ማን ሸሸ የሚለውን ማወቅ አይቻልም።