አስቸኳይ! ስሚር ኔጌቲቭ፣ ጂን ኤክስፐርት «ትሬስ»፤ ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን?

ላብ_ቴክ፦ ሰላም ቤተሰብ። በአልትራ ካርትሬጅ (ጂን ኤክስፐርት ማሽን ውስጥ ገብቶ የቲቢ ዲኤንኤ በሚፈልገው) የሰራሁት አክታ «ቲቢ ትሬስ፣ ሪፍ ኢንዲተርሚኔት» ብሎ ወጣ፤ ቲቢ በጣም በጥቂቱ፣ ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት መቋቋሙ ያልታወቀ ማለት ነው። ስሚሩ (አክታው በማይክሮስኮፕ ሲታይ) ሁለቴም ኔጌቲቭ ነው። ዶክተሩ «አለበት ወይስ የለበትም?» እያሉ በየደቂቃው ይደውላሉ፣ ታካሚውም በር ላይ ቁጭ ብሏል። ማሽኑ ነው አይደል? ጥገና ልጥራ?

ባለሞጁል፦ ድገሚው።

ጋሽ_ማይክሮስኮፕ፦ ልጄ፣ ስላይዱን 100 ፊልድ በደንብ አይተሽዋል? በኛ ጊዜ ቀዩ ዘንግ ካልታየ ቲቢ የለም ነበር። ዛሬ ካርትሬጅ ከትቶ ሻይ መጠጣት ሆነ ስራው።

ፒፔት፦ ጋሼ፣ በማይክሮስኮፕ ለማየት በሚሊ ሊትር ከ5,000 እስከ 10,000 ባሲላይ (የቲቢ ባክቴሪያ) ያስፈልጋል፤ ለአልትራ 16 አካባቢ ይበቃዋል። ስለዚህ ሁለቱ ውጤቶች አልተጣሉም። ማሽኑ ቢበላሽ ኤረር ወይም ኢንቫሊድ ይል ነበር። ትሬስ ማለት በባክቴሪያው ውስጥ በብዛት ተደጋግመው የሚገኙት አይኤስ6110 እና አይኤስ1081 የሚባሉት የዲኤንኤ ክፍሎች ተገኙ፣ አርፒኦቢ የሚባለው ጂን ግን አልተነበበም ማለት ነው። የሪፋምፒሲን መቋቋም የሚታየው ደግሞ አርፒኦቢ ላይ ነው፤ ትሬስ ሲወጣ ሪፍ ሁሌም ኢንዲተርሚኔት ነው።

ባለሞጁል፦ እኮ ድገሚው።

ቀልድ_አይከለከልም፦ ካርትሬጅ የተረፋችሁ ከሆነ አድራሻችሁን ጣሉልን 😂

ሬዚደንት፦ ዝም ብላችሁ ድገሚ አትበሏት። ታካሚው ማነው? ኤችአይቪ ካለበት ወይም ህፃን ከሆነ ትሬስ እንደ ፖዘቲቭ ይያዛል፤ ከሳንባ ውጭ የተወሰደ ናሙናም እንደዚያው። ኤችአይቪ ለሌለበት ትልቅ ሰው የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. በአዲስ ናሙና ድገሙ ብሎ ነበር፤ በ2020 ግን መድገሙን አልመከረም። ደግሞ ባለፉት 5 ዓመታት ቲቢ ታክሞ ያውቃል? አልትራ የሞተ ባክቴሪያ ዲኤንኤም ያነባል።

ላብ_ቴክ፦ ኸረ! አሁን ወጥቼ ጠየቅኩት፤ አምና ነው ህክምናውን የጨረሰው። መጠየቂያ ወረቀቱ ላይ «የቀድሞ ህክምና» የሚለው ክፍት ነው። ኤችአይቪ ኔጌቲቭ፣ 40 ዓመት።

ሬዚደንት፦ እንግዲህ ካርትሬጅ አታባክኚ። «ትሬስ» ብለሽ እንዳለ ሪፖርት አድርጊ፣ «ፖዘቲቭ» ብለሽ እንዳታሳጥሪው። አምና መታከሙንም ለዶክተሩ ንገሪያቸው። አዲስ አክታ ተቀብለሽ ለካልቸር (ህይወት ያለው ባክቴሪያ ካለ አሳድጎ ለማየት) ላኪ። ራጁን፣ ሳሉን፣ ክብደት መቀነሱን አይተው የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።

ጋሽ_ማይክሮስኮፕ፦ ፈሳሽ ካልቸር እኮ ኔጌቲቭ ለማለት 42 ቀን ይፈልጋል። እስከዚያ ሰውየው በር ላይ ይቀመጥ?

ፒፔት፦ ጋሼ፣ ለዚህ እኮ ነው ውሳኔው የዶክተሩ የሆነው። ምልክቱና ራጁ ቲቢ ካሉ ካልቸር ሳይጠብቁ ያስጀምሩታል።

አዲስ_ገቢ፦ ይቅርታ፣ እኔም ጥያቄ አለኝ። የ3 ዓመት ልጅ ሰገራ ሰርቼ ትሬስ ወጣ። ይደገማል?

ባለሞጁል፦ ድገሚው።

ሬዚደንት፦ አይደገምም! ህፃን ነው፤ ዛሬውኑ ለሀኪሙ ደውዪ።