የድፍድፍ ዋጋ ከወረደ የነዳጅ መኪና እገዳ ይነሳ?

አወያይ፦ የአዳማ ልጆች፣ የታኅሣሥ 2018 ክርክራችን ይኸው። መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ያሳወቀው በጥር 2016 ነበር። ዋናው ምክንያት ለነዳጅ በየዓመቱ የሚወጣው በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ነው። የዩክሬን ጦርነት በጀመረ ሰሞን፣ በመጋቢት 2014፣ በበርሜል ከ120 ዶላር አልፎ የነበረው ብሬንት፣ የዓለም ገበያ መለኪያ የሆነው ድፍድፍ ነዳጅ፣ ዛሬ ወደ 60 ዶላር ወርዷል። እገዳው ይነሳ ወይስ ይቀጥል? እ.ኤ.አ. ካልተባለ ዓመቶቹ የእኛ ናቸው።

ነጋዴ ከፍራንኮ፦ ይነሳ። እገዳው የወጣው ዓለም ገና ከድንጋጤ ሳይወጣ ነው። አሁን ገበያው ሞልቷል። አሜሪካ በቀን ከ13 ሚሊዮን በርሜል በላይ ታወጣለች፣ ብራዚልና ጉያና ምርታቸውን ጨምረዋል። የነዳጅ አምራች አገሮች ኅብረት የሆነው ኦፔክ ፕላስም ዋጋ ለመደገፍ ቀንሶት የነበረውን ምርት ከኤፕሪል 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየመለሰ ነው። ሻጭ ሲበዛ ገዢ ይጠቀማል፤ እኛ ግን ነዳጅ በረከሰበት ሰዓት በራችንን ዘግተናል። ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመውን አውጥቶ መኪና የሚገዛ ሰው ምን እንደሚገዛ ራሱ ይወስን።

ባለ ጋራዥ፦ እኔም ይነሳ ባይ ነኝ፣ በሌላ ምክንያት። የኤሌክትሪክ መኪና ይመጣልኛል፤ ባትሪውን የሚፈትሽ መሣሪያ የለኝም፣ መለዋወጫው በቀላሉ አይገኝም። ባለቤቱን ቆመህ አጽናናው ካልሆነ በቀር ምን ትለዋለህ? ሰፈር ውስጥ መብራት ሲጠፋ ደግሞ መኪናውም አብሮ ይቆማል።

መምህርት ከወንጂ፦ ነጋዴው ወንድሜ፣ የበርሜሉን ዋጋ ብቻ ይዘህ ነው የመጣኸው። ሻጩ የሚፈልገው ዶላር ነው፣ እኛ ማደያ የምንከፍለው ብር። እስቲ አብረን እናስላ። በመጋቢት 2014 አንድ ዶላር 51 ብር ገደማ ነበር፤ 120 ዶላሩ ወደ 6,100 ብር ይመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፤ ዛሬ ዶላሩ ከ150 ብር በላይ ነው። 60 ዶላሩን በዚህ ምታው፦ 9,000 ብር። ዓለም ላይ በግማሽ የረከሰው በርሜል እኛ ኪስ ሲደርስ በግማሽ ያህል ተወድዷል። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ድጎማውም እየተነሳ መጥቷል፣ ስለዚህ ጭማሪው በቀጥታ ወደ ማደያው ያልፋል።

ሌላም አለ። እኛ ድፍድፍ አንገዛም። የአሰብ ማጣሪያ በ1989 ከተዘጋ ወዲህ የምናስገባው ተጣርቶ ያለቀለት ናፍጣና ቤንዚን ነው። የማጣሪያውን ትርፍ፣ የመርከቡን ኪራይ፣ የኢንሹራንሱን፣ የጅቡቲን የወደብ ክፍያ እንከፍላለን። ድፍድፍ ሲወርድ እነዚህ አብረው አይወርዱም።

ነጋዴ ከፍራንኮ፦ ስሌትሽን አልክድም። ግን የኤሌክትሪክ መኪናውም የሚገዛው በዚያው ዶላር ነው። ደግሞ ዓለም ነዳጅን እየተወች ነው የሚለው ወሬ ገና ነው። የዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ ፍላጎቱ ወደ 2030 እ.ኤ.አ. ግድም ይቆማል ሲል ከረመ፤ ባለፈው ኅዳር ባወጣው ሪፖርት ግን በአንዱ መላምቱ እስከ 2050 እ.ኤ.አ. እያደገ ሊሄድ እንደሚችል ጻፈ። ኦፔክማ በዚያን ጊዜ በቀን 123 ሚሊዮን በርሜል ገደማ ያስፈልጋል ይላል። የድንጋይ ከሰል እንኳ በ2024 እ.ኤ.አ. 8.8 ቢሊዮን ቶን ገደማ ደርሶ ክብረ ወሰን ሰብሯል። ትልልቆቹ ያልተዉትን እኛ ለምን ቀድመን እንተው?

መምህርት ከወንጂ፦ የዓለም ፍላጎት ማደጉ ለሚሸጥ አገር የምሥራች ነው፤ ለሚገዛ ግን ስጋት ነው። መኪናውን በዶላር የምንገዛው አንዴ ነው፤ ነዳጁን ግን መኪናው እስኪያረጅ ድረስ። እኛን የሚጎዳን ደግሞ ዋጋው ረጋ ብሎ አለመቀመጡ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በሐምሌ 147 ዶላር ደርሶ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከ40 በታች ወረደ። በኮሮና ጊዜ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2012፣ የአሜሪካው ድፍድፍ የውል ዋጋ ከዜሮ በታች 37 ዶላር ገባ፤ ሻጩ ድፍድፉን ለሚወስድለት ሰው ይከፍል ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ 120 አለፈ። የትኛው የገንዘብ ሚኒስቴር ነው በዚህ ላይ በጀት የሚሠራው? ኤሌክትሪክ ግን ከራሳችን ነው። ከከተማችን በላይ ያሉት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች 51 እና 153 ሜጋዋት ናቸው፤ ጳጉሜን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ባለ ጋራዡ ያለው እውነት ነው፣ ችግሩ ያለው በመስመሩና በትራንስፎርመሩ ላይ ነው። ገንዘቡ እዚያ ይግባ።

ባለ ቦቴ፦ ልጆች፣ እኔ ይህን ነዳጅ ከጅቡቲ እያመጣሁ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ጋላፊ፣ ሚሌ፣ አዋሽ፣ መተሐራ፣ ወለንጪቲ፤ መንገዱን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። አንድ ነገር ሁላችሁም ረስታችኋል። ወደ አገር ከሚገባው ነዳጅ ትልቁ ናፍጣ ነው። ናፍጣ የሚጠጣው አውቶሞቢል አይደለም፤ ተሳቢው፣ አውቶቡሱ፣ ትራክተሩ፣ ጀነሬተሩ ነው። አውቶሞቢል ብትከለክሉ የምታተርፉት ቤንዚኑን ነው። ዶላሩ የሚፈስሰው በእኛ ጎማ ሥር ነው።

ነጋዴ ከፍራንኮ፦ ተባረኩ ጋሼ! እኔም የምለው ይኸንኑ ነው። እገዳው ዋናውን ወጪ ካልነካ ለምን የቤተሰብ መኪና ላይ ያርፋል?

ባለ ቦቴ፦ ቆይ የኔ ልጅ፣ ወዳንተ መምጣቴ አይደለም። እኔ እገዳው ይቅር አላልኩም። ቀይ ባሕር ላይ መርከብ መመታት ከጀመረ ወዲህ ስንቱ በደቡብ አፍሪካ ዞሮ እንደሄደ ሰምተሃል። ሆርሙዝ በሚባለው ጠባብ ባሕር ደግሞ በቀን 20 ሚሊዮን በርሜል ያልፋል፣ ዓለም ከምትጠጣው አንድ አምስተኛው። የእኛም ነዳጅ አብዛኛው ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ነው። እዚያ አንድ ነገር ቢፈጠር እዚህ ማደያ ላይ ሰልፍ ነው፣ ጄሪካን ነው፣ ጥቁር ገበያ ነው። ያንን ሰልፍ ከቦቴው መስኮት ያየሁት እኔ ነኝ። ቤንዚኑም ቢሆን ይቀነስ። የናፍጣው ነገር ግን ከሁሉ ይቅደም።

መምህርት ከወንጂ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት የእኔን ሐሳብ ያሻሽለዋል። በኤሌክትሪክ የሚሄደው የጅቡቲ ባቡር በደጃችን ያልፋል፤ ጭነቱ ግን አሁንም በብዛት በመኪና ነው። ከጅቡቲ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመጣው ኮንቴነር ወደ ሐዲዱ ቢዞር በመንገዱ ላይ የሚቃጠለው ናፍጣ ይቀንሳል። እገዳው ይቀጥል፣ ግን ብቻውን አይቁም።

ባለ ቦቴ፦ ባቡሩ ሥራዬን እንደሚወስድ አውቃለሁ። ቢሆንም ይሁን፤ ለእኛ ግን አስቀድሞ ሌላ ሥራ ይታሰብልን።

ነጋዴ ከፍራንኮ፦ በባቡሩ እስማማለሁ። በእገዳው ግን አቋሜ ያው ነው። የነዳጅ መኪና ላይ ከፍ ያለ ቀረጥ ይጣል፣ ገንዘቡ ለትራንስፎርመር ይዋል፤ መከልከሉ ግን ይቅር። መተሐራም ሆነ አርሲ ገጠር፣ ቻርጅ ማድረጊያ በሌለበት የሚሠራ የጤና ባለሙያ ዛሬ ምን ይግዛ?

መምህርት ከወንጂ፦ ለእሱ በፈቃድ የተለየ መብት ይሰጠው። ለአዳማና ለአዲስ አበባ ነዋሪ ግን አይሰጥ።