በትንሽ የሞተር ጀልባ ላይ የሁለት ባትሪ መምረጫ እንዴት ይገጠማል?

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)
ጤና ይስጥልኝ። ወንድሜ በዝዋይ ሐይቅ ላይ ሰው የሚያመላልስባት፣ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር የተገጠመላት ትንሽ ጀልባ አለችው። ባለፈው ወር ቱሉ ጉዶ ደሴት አጠገብ ሞተሩን አጥፍቶ በመብራትና በውኃ ማውጫው ፓምፕ ሲገለገል ካመሸ በኋላ ሊመለስ ቢል አንዷ ባትሪ አልቃ ኖሮ ሞተሩ አልነሣ ብሎት በሌላ ጀልባ ተጎትቶ ገባ። ስለዚህ ሁለተኛ ባለ 12 ቮልት ባትሪና ከሶማሌ ተራ ያገኘሁትን ያገለገለ መምረጫ አዘጋጅቻለሁ። መምረጫው አራት ቦታ አለው፦ ዝግ፣ አንድ፣ ሁለት እና ሁለቱም፤ ከጀርባው ደግሞ ሦስት ቡሎን አለው። ዝዋይ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ለረሳሁት ዕቃ መመለስ አልፈልግምና ሁሉንም እዚሁ ቤቴ አሰናድቼ ቅዳሜ ልወርድ አስቤአለሁ። ነጌቲቩም በመምረጫው በኩል ያልፋል? እጀታው ሁልጊዜ «ሁለቱም» ላይ ቢቀመጥስ ጉዳት አለው?

መልስ (የመኪና ኤሌክትሪሻን፣ ተክለ ሃይማኖት)
ነጌቲቩ አያልፍም። የሁለቱ ባትሪዎች ነጌቲቭ በወፍራም ገመድ እርስ በርሱ ተያይዞ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ማሳ (ነጌቲቭ ወደሚታሰርበት የሞተሩ ብረት) ይሄዳል። የአንደኛው ባትሪ ፖዘቲቭ ወደ አንደኛው ቡሎን፣ የሁለተኛው ወደ ሁለተኛው፣ የጋራ ከሆነው ቡሎን ደግሞ የሞተሩ ቀይ ገመድና በፊውዝ ሳጥን በኩል መብራቱ ይወጣሉ። አንድ ነገር ለወንድምዎ አጥብቀው ይንገሩት፤ ሞተሩ እየሠራ እጀታው ወደ ዝግ መዞር የለበትም። ከሞተሩ የሚመነጨው ኃይል መቀበያ ባትሪ ሲያጣ ቮልቴጁ በድንገት ስለሚዘል የኃይል መሙያው ዳዮዶች ይቃጠላሉ።

መልስ (ከሜክሲኮ አካባቢ)
ከእኔ በፊት የመለሱት ኤሌክትሪሻን ያሉት አገጣጠም ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጠያቂው መምረጫው ሥራ የሚያከፋፍል ሳይመስላቸው አልቀረም። በዚህ አገጣጠም ሞተሩም መብራቱም ከአንድ ቡሎን ስለሚወስዱ፣ እጀታው የተመለከተችው ባትሪ የሁለቱንም ሸክም ትሸከማለች። እጀታው «ሁለቱም» ላይ ሆኖ መብራት ከተበራ ሁለቱም ባትሪዎች አብረው ያልቃሉ፤ ከዚያም አልፎ አንዷ ያረጀች ከሆነች ደኅነኛዋ ኃይሏን ወደ እሷ ታፈሳለች። እንግዲህ ጀልባዋ ስትቆም እጀታው ወደ ሁለት፣ ሞተር ሲነሣ ወደ አንድ ይዞራል ማለት ነው፤ ደክሞት ያመሸ ሰው ግን ይህን ይረሳል። እኔ ብሆን በሁለቱ ባትሪዎች መካከል ቮልቴጁን እያየ የሚያገናኝና የሚለያይ ሪሌ አስገባለሁ። እንዲህ ያለው ሪሌ ሞተሩ ሲሞላ 13.3 ቮልት አካባቢ ያገናኛል፣ ወደ 12.8 ሲወርድ ይለያያል። ያን ጊዜ መብራቱ ከጋራው ቡሎን ተነቅሎ በቀጥታ ወደ ሁለተኛዋ ባትሪ መዞር አለበት፤ አለዚያ ሪሌው ከንቱ ነው።

ጠያቂው
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሪሌውን ለጊዜው ትቼ በእጀታው እንቀጥላለን። ባትሪዎቹን አሳድሬ ስለካቸው አዲሷ 12.7፣ አሮጌዋ 12.1 ሆኑ። ፓምፑስ ከየት ይውሰድ?

መልስ (ጡረተኛ መካኒክ፣ ፒያሳ)
ልጄ፣ 12.1 ማለት ግማሽ ያህል የቀረባት ባትሪ ናት። እስክትጠግብ ሞልተህ፣ ምንም ሳታገናኝባት አንድ ቀን አቆይተህ ለካት፤ እንደገና ከወረደች ይዘሃት አትሂድ። ፓምፑ ውኃ ሲገባ በራሱ የሚነሣ ከሆነ በመምረጫው በኩል አታሳልፈው፤ የራሱን ፊውዝ ባትሪው ሥር አድርገህ በቀጥታ አገናኘው። አለበለዚያ ወንድምህ ሁሉን ዘግቶ ሲያድር ጀልባዋ ውኃ ትጠጣለች። ባትሪዎቹም ከቤንዚኑ ጀሪካን ይራቁ።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ያገለገለው መምረጫ ነው፤ ውስጡ ተቃጥሎ ፊቱ ሊያምር ይችላል። ከመኪናህ ባትሪና ሞተሪኖ (ሞተሩን ከሚያስነሣው) መካከል አስገባውና ሰው መኪናውን ሲያስነሣልህ የመለኪያውን አንድ ጫፍ በመግቢያው ቡሎን፣ ሌላውን በጋራው ላይ ያዝ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየህ አትመነው። «አንድ» ላይም «ሁለት» ላይም ሞክር።

ጠያቂው
ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። «አንድ» ላይ 0.1 ብቻ አሳየ፤ «ሁለት» ላይ ግን 0.7 ደረሰ፣ ቡሎኑም ሞቀ። ነገ ወደ ሶማሌ ተራ እመለሳለሁ። ገመዶቹን ግን ለክቼ ቆርጬ ጨርሻለሁ።

መልስ (ጡረተኛ መካኒክ፣ ፒያሳ)
ገመዶቹ አይጎዱም። ስትሄድ አንዱን ካፖኮርዳ (በገመዱ ጫፍ ላይ የሚገባውን ባለቀዳዳ ብረት) ይዘህ ሂድ፤ መምረጫዎቹ ባለ 8 ሚሊ ሜትርም ባለ 10 ሚሊ ሜትርም ቡሎን ስላላቸው ቀዳዳው ላይገባልህ ይችላል። አዲሱንም ከመግጠምህ በፊት በዚያው መኪና ፈትነው።