ትምህርት ቤቱን ልቀጥል ወይስ የራሴን ፈረስ ልግዛ?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ግልቢያ ትምህርት ቤት መማር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፣ በሳምንት አንዴ ነው የምሄደው። ሶምሶማው አሁን አይከብደኝም፣ ሽምጥ ግን ገና ነኝ። የሚያስቸግረኝ በየጊዜው ሌላ ፈረስ መስጠታቸው ነው። አንዱን ለመድኩት ስል ይቀየራል። ሰዓቱ ሲያልቅ ደግሞ ወርዶ መሄድ ነው፣ ፈረሱ እንዴት እንደሚውል እንኳ አላውቅም። የራሴ ቢኖረኝ ቶሎ የምሻሻል ይመስለኛል፣ ገንዘብም እያጠራቀምኩ ነው። ሁለቱንም ያያችሁ ምን ትላላችሁ?

ዛብና ልጓም፦
እህቴ፣ ለጊዜው አትግዢ። የተማረርሽበት የፈረስ መቀያየር እኮ ትልቁ ጥቅም ነው። አንዱ ሰነፍ ነው፣ እግርሽን በደንብ እንድትጠቀሚ ያስገድድሻል። ሌላው ዛቡን ጠበቅ ስታደርጊ ራሱን ይወዘውዛል፣ በእሱ እጅሽ ይለሰልሳል። አንድ ፈረስ ብቻ የጋለበ ሰው የሚያውቀው የዚያን ፈረስ አመል ነው። ደግሞም አስተማሪው ከታች ሆኖ "ተረከዝሽን ዝቅ፣ ቀና በይ" ይልሻል፤ ብቻሽን ስትሆኚ ይህን የሚልሽ የለም፣ መጥፎው አቀማመጥ ልማድ ሆኖ ይቀራል። በተለይ ያልተገራ ወጣት ፈረስ "አብረን እንማራለን" ብለሽ እንዳትገዢ፣ አደራ። ፈረስ ሲደነግጥ መሸሽ ተፈጥሮው ነው፤ የሚያረጋጋው ላዩ ላይ ያለው ሰው ነው። ሁለታችሁም ጀማሪ ከሆናችሁ ማን ማንን ያረጋጋል?

የጋጣ ሰው፦
እኔ ባለፈረስ ነኝ። ትምህርት ቤት ያላሳየኝን ብዙ ነገር ፈረሴ አሳይቶኛል፤ ጆሮው ሲታጠፍ፣ አረማመዱ ትንሽ ሲቀየር ምን እንደሆነ ዛሬ አውቃለሁ። ግን የራስ ፈረስ መያዝ በአብዛኛው ግልቢያ አይደለም። 500 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን ወደ 10 ኪሎ ድርቆሽ ይበላል፣ ከ25 እስከ 50 ሊትር ውሃ ይጠጣል። ሰኮናው በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ይከረከማል። ጥርሱ ጠርዙ እየሾለ ጉንጩን ስለሚያቆስለው ሐኪም በዓመት ቢያንስ አንዴ አይቶ መሞረድ አለበት። ከሁሉም የሚያስፈራኝ የሆድ ቁርጠት ነው። ፈረስ ማስመለስ አይችልም። መብላት ካቆመ፣ ዞሮ ዞሮ ጎኑን ካየ፣ እየተነሳ ከተንከባለለ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ለሐኪም ይደወላል፣ እስኪነጋ ልጠብቅ ማለት ሊገድለው ይችላል። ብቻውን ማኖርም አይሆንም፣ የመንጋ እንስሳ ነው። አንቺ ታመሽ ብትተኚ ጋጣው መጸዳቱ አይቀርም። ከ25 ዓመት በላይ ሊኖር ስለሚችል መጋለብ ካቆመ በኋላም ቀለቡ በአንቺ ላይ ነው። ይህን የምለው ላስፈራራሽ አይደለም። ጠዋት ድምፄን ሰምቶ ሲያሽካካ ድካሙ ሁሉ ይረሳኛል።

ሶምሶማ፦
መሃሉን ለምን አትሞክሪም? ጊዜ ያጠረው ባለፈረስ ፈልጊና ፈረሱን ተጋሪ። ከወጪው የተወሰነውን ትከፍያለሽ፣ በተስማማችሁባቸው ቀናት ትጋልቢያለሽ፣ ትቦርሺዋለሽ፣ ጋጣውን ትጠርጊያለሽ። ትምህርቱን ግን አታቋርጪ። ዝናብና ብርድ ባለበት ወቅት ሁሉ ሳትሰለቺ ከተመላለስሽ ያኔ የመግዛቱን ነገር አስቢ። ስትገዢም ዕድሜው ከ10 ዓመት ያለፈ፣ ረጋ ያለና ብዙ ሰው የጋለበው ይሁን። አስተማሪሽ ይጋልበው፣ ሐኪም ይመርምረው፣ ገንዘቡ ከዚያ በኋላ ይከፈል።

ጀማሪዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መጋራቱ ልቤን ገዝቶታል። እስከዚያው ከትምህርቱ ሰዓት ቀደም ብዬ እየሄድኩ መቦረሹንና ኮርቻ መጫኑን ራሴ እንዳደርግ እጠይቃለሁ። ፈረሱ በእኔ ቀን ቢታመም ግን የሐኪሙን ማን ይከፍላል?

ሶምሶማ፦
እሱን በጽሑፍ ተስማሙ፣ ገና ሳትጀምሩ። ብትወድቂ ወይም ኮርቻው ቢበላሽ ማን እንደሚችለውም አብሮ ይጻፍ።