ባለገመዱ ወይስ ገመድ አልባው፦ በድምፅ ጥራት የሚበልጠው የጆሮ ማዳመጫ የቱ ነው?

ለባለገመዱ የቆመ፦
በቁጥር ልጀምር። የሲዲ ጥራት ያለው ሙዚቃ በየሴኮንዱ 1,411 ኪሎቢት መረጃ ይይዛል። ኤስቢሲ የተባለው፣ ሙዚቃ የሚያሰማ የብሉቱዝ መሣሪያ ሁሉ የሚያውቀው የመጭመቂያ ዘዴ ግን በተለምዶ ከ328 ኪሎቢት ብዙም አያልፍም። ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው መረጃ ተጥሏል ማለት ነው። ይህ ከሙሉው ጋር እንዴት እኩል እንደሚሆን አስረዱኝ።

ለገመድ አልባው የቆመ፦
የተጣለ መረጃ ሁሉ የሚሰማ ድምፅ አይደለም። ጥሩ መጭመቂያ አስቀድሞ የሚጥለው በጎላ ድምፅ ተሸፍኖ ጆሮ የማይለየውን ነው። ኤልዳክ የተባለው ሌላ የብሉቱዝ መጭመቂያ ደግሞ በሴኮንድ እስከ 990 ኪሎቢት ይደርሳል፤ ስልኩም ማዳመጫውም ካወቁት። ይልቅስ ጥራትን አብዝቶ የሚወስነውን ለምን ዘለልከው? ጆሮ ውስጥ በትክክል ያልገጠመ ማዳመጫ፣ ገመድ ኖረውም አልኖረውም፣ ወፍራሙን ድምፅ ያፈስሳል። ገመድ አልባው የራሱ ማጉያ በውስጡ ስላለው አምራቹ ሁሉን አስማምቶ ይሠራዋል። ባለገመዱ የተሰካበት መሣሪያ ደካማ ከሆነ አብሮ ይደክማል። ጠንካራ ማጉያ የሚፈልግ ባለ 300 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ማዳመጫ በስልክ ላይ የሞከረ ሰው የምለውን ያውቃል። በአውሮፕላን ሞተር ጩኸት መካከልስ የ1,411 ኪሎቢቱ ረቂቅ ዝርዝር ማን ጆሮ ገባ? ጩኸቱን የሚያጠፋው ቴክኖሎጂ በብዛት ያለው በገመድ አልባዎቹ ነው።

ሙዚቃ የሚቀርጽ፦
ስለ መዘግየት ማንም አላነሣም፤ ለእኔ ግን ዋናው እርሱ ነው። ብሉቱዝ ድምፁን ጨምቆ፣ ልኮና ፈትቶ እስኪያሰማ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ሚሊሴኮንድ ይፈጅበታል። ፊልም ሲሆን ስልኩ ምስሉን አዘግይቶ ያስማማዋል። ኪቦርድ የሚጫወት ሰው ግን ጣቱ ካረፈ በኋላ ዘግይቶ የሚመጣ ድምፅ ይዞ ምት መጠበቅ አይችልም። የማዳመጫው ማይክሮፎን ሲከፈትማ በተለመደው ብሉቱዝ የምንሰማው ሁሉ ወደ ስልክ ጥሪ ጥራት ይወርዳል፤ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካ የነበረው ድምፅ 16,000 ወይም 8,000 ላይ ይቀራል። ይህን ልዩነት ለመስማት የሠለጠነ ጆሮ አያስፈልግም።

ለባለገመዱ የቆመ፦
ዕድሜም ይቆጠር። የገመድ አልባው ባትሪ በጥቂት ዓመታት ይደክማል፤ በብዙዎቹም ባትሪውን መቀየር አስቸጋሪ ስለሆነ ደህና ድምፅ ማውጫ አብሮ ይጣላል። አፕል በ2016 እ.ኤ.አ. የ3.5 ሚሊሜትሩን የማዳመጫ መሰኪያ ከአይፎን 7 ካስቀረ ወዲህ ሌሎችም ተከትለውታል። ምርጫችን የጠበበው በጆሯችን ፍርድ አይደለም።

ለገመድ አልባው የቆመ፦
በዕድሜውና በቀረጻው አልከራከርህም። የተጠየቅነው ግን ሙዚቃ ሲደመጥ ስላለው ጥራት ነው። ስለዚህ ሁለቱንም መንገድ የሚቀበል አንድ ማዳመጫ ውሰድ፤ በገመድም በብሉቱዝም የድምፁን ከፍታ እኩል አድርግ፤ ትንሽ ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና። ከዚያ ሌላ ሰው ሳይነግርህ እያቀያየረ ያሰማህ። የቱ የቱ እንደሆነ በተደጋጋሚ ከለየህ 1,411ን አምጣና እንነጋገርበት።