የዕቅድ ውይይት፦ ስለ ፕሮላክቲንና ስለ ፒቱታሪ እጢ የምናቀርበው የጋራ ፕሮፖዛል፣ ባሕር ዳር

አስተባባሪዋ

ሰላም ለሁላችሁም። በስብሰባችን የተነሳው ሐሳብ ተበትኖ እንዳይቀር ጽፌ አምጥቼዋለሁ። ማኅበራችን ከሆስፒታልም፣ ከዩኒቨርሲቲም፣ ከእንስሳት ጤናም ሰው አለው። ይህን ሁሉ ባለሙያ ይዘን አንድ ጥያቄ አብረን ሳንሠራ ብንቀር ያስቆጫል።

ጥያቄው የመጣው ከታካሚዎች ነው። አንዳንድ የአእምሮ ሕክምና መድኃኒቶችን የሚወስዱ ሴቶች የወር አበባቸው ይቀራል። ሳይወልዱ ከጡታቸው ወተት የሚወጣቸውም አሉ። ለሐኪም ለመናገር ያፍራሉ። አንዳንዷ ለማንም ሳትናገር መድኃኒቱን ታቆምና ሕመሙ ያገረሽባታል። ይህ ዝም ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ምክንያቱ በአብዛኛው ፕሮላክቲን፣ ማለትም ጡት ወተት እንዲያመነጭ የሚያደርገው ሆርሞን፣ መብዛቱ ነው። ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ እጢ የፊተኛ ክፍሉ የሚያመነጫቸውን ሌሎቹን ሆርሞኖች ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል በዋናነት እያነቃቃ ያስመነጫቸዋል። ፕሮላክቲንን ግን ዶፓሚን በሚባል የአንጎል ኬሚካል ልጓም ይዞ ነው የሚያኖረው። ዶፓሚንን የሚያግድ መድኃኒት ሲገባ ልጓሙ ይላላል። ተመራማሪው ኤቨረት እ.ኤ.አ. በ1954 የአይጥን ፒቱታሪ ከቦታው አንስቶ ኩላሊት ላይ ሲተክለው፣ እጢው ከአንጎል ርቆም ፕሮላክቲን ማመንጨቱን ቀጥሏል፤ ልጓሙ ከአንጎል እንደሚመጣ ያሳያል። እኛ ደግሞ በሴት አይጦች ላይ መድኃኒቱ ሲጀመርና ሲቆም እንቁላል የመልቀቅ ዑደታቸው ምን እንደሚሆን እንከታተል ነው የምለው። ሐሳባችሁን ጣሉበት።

የፊዚዮሎጂ መምህሩ

በጣም ደስ ይላል። ሁለት ነገር ግን ከወዲሁ ይያዝልኝ።

አንደኛ፣ ልኬቱ። «ሆስፒታል ያለው ማሽን ይለካልናል» ብለን እንዳንተማመን። ያ ማሽን የተሠራው የሰውን ፕሮላክቲን እንዲያውቅ ነው። ፕሮላክቲን ፕሮቲን ስለሆነ ከእንስሳ እንስሳ ይለያያል፤ ለአይጥ የተዘጋጀ የመለኪያ ኪት ያስፈልገናል። ሌሎቹ የፒቱታሪ ሆርሞኖች፣ እንቁላል የሚያስለቅቀው ኤልኤችና ታይሮይድን የሚያዘው ቲኤስኤችም፣ እንደዚያው ናቸው። እነ ፕሮጄስቴሮን (እርግዝናን የሚያቆየው ሆርሞን) በሰውም በአይጥም አንድ ዓይነት ሞለኪውል ናቸው፤ በነሱ በኩል ችግሩ ትንሽ ይቀላል። የጭንቀት ሆርሞንም እንለካለን ካላችሁ፣ የአይጥ ዋናው ኮርቲኮስቴሮን እንጂ ኮርቲሶል አይደለም።

ሁለተኛ፣ የአይጧና የሴቷ መንገድ አንድ አይደለም። በአይጥ ፕሮላክቲን ሲጨምር ኮርፐስ ሉቲየም (እንቁላል ከወጣ በኋላ በቦታው የሚቀረው፣ ፕሮጄስቴሮን የሚያመነጨው እጢ) ሳይከስም ይቆያል፤ ፕሮጄስቴሮን ይቀጥላል፤ አይጧ ሳታረግዝ እንዳረገዘች ትሆናለች። በሴት ደግሞ ፕሮላክቲን ሲበዛ ከሃይፖታላመስ የሚመጣውን ጂኤንአርኤች የተባለውን፣ የእንቁላል ዑደትን የሚያስኬደውን ሆርሞን ትእዛዝ ያዳክመዋል፤ የወር አበባዋም ይቀራል። የጋራቸው ነገር የዶፓሚኑ ቁጥጥር ነው። ፕሮፖዛሉ ከዚያ አልፎ ቃል እንዳይገባ እፈልጋለሁ።

የላብራቶሪ ቴክኖሎጂስቷ

ኪቱ ውድ ነው፤ መግባቱም ጊዜ ይፈጃል። ግን እኮ እስኪመጣ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። ዑደቱ በማይክሮስኮፕ ይነበባል። የአይጥ ዑደት 4 ወይም 5 ቀን ነው። በየጠዋቱ ጥቂት ሳላይን (የጨው ውሃ) በፒፔት ወደ ብልት አስገብቶ መልሶ መሳብ፣ ስላይድ ላይ ማድረቅ፣ ከዚያ ቀለም መቀባት ነው። ጊምሳ እዚህ የሌለው ላብራቶሪ የለም፤ ለወባ በየቀኑ የምንቀባው ነው።

ፕሮኤስትረስ (እንቁላል ከመልቀቋ በፊት ያለው ደረጃ) ላይ ክብ፣ ኒውክሊየስ ያላቸው ሴሎች ተሰብስበው ይታያሉ። ኤስትረስ (እንቁላል የምትለቅበት ደረጃ) ላይ ኒውክሊየሱ ይጠፋና እንደ ቅርፊት የደረቁ፣ ጠርዛቸው የተጨማደደ ሴሎች ስላይዱን ይሞሉታል። ዳይኤስትረስ (የዕረፍቱ ደረጃ) ላይ ትንንሽ ነጭ የደም ሴሎች ይበዛሉ። ፕሮላክቲን ከፍ ብሎ ከቆየ ስላይዱ ዳይኤስትረስ ላይ ተቸክሎ ይቀራል፤ ሐሰተኛው እርግዝና 2 ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ደም ከመውሰዳችን በፊት እንኳ ፒቱታሪው ምን እየሠራ እንደሆነ ፍንጭ እናገኛለን።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ፒፔቱ ወደ ውስጥ ጠልቆ የማህፀን በርን ከነካካ ያው ሐሰተኛ እርግዝና ያለ መድኃኒት ሊመጣ ይችላል። ጫፉ ብቻ ነው የሚገባው። ይህን የሚሠራው ሰው ሁልጊዜ አንድ ሰው ይሁን፤ ሰዓቱም ጠዋት 3 ሰዓት ይሁን።

የፋርማሲ ባለሙያው

ስለ መድኃኒቱ ልበል። የአእምሮ ሕክምና መድኃኒቱ ሃሎፔሪዶል ለጥያቄው ቅርብ ነው፤ ግን አይጧን ድርቅ ያደርጋታል፣ አትንቀሳቀስም፣ መኖም ትቀንሳለች። ክብደት መቀነስ ብቻውን ዑደት ያዛባል፤ እንግዲህ ውጤቱን የቱ እንዳመጣው በምን እናውቃለን? ሜቶክሎፕራሚድ ዶፓሚንን ያግዳል፤ ማስታወክን ለማቆም ስለሚሰጥ በየመድኃኒት ቤቱ አለ። በዝቅተኛ መጠን ብንጀምርበት ይሻላል። ክብደት በየቀኑ ይመዝገብ።

የእንስሳት ቤቱ ኃላፊ

ልጆቼ፣ የአይጥ ቤቱን ነገር ዘላችሁታል።

አይጥ ሰዓቷን የምታውቀው በብርሃን ነው። ኤቨረትና ሶየር እ.ኤ.አ. በ1950 እንዳሳዩት፣ በፕሮኤስትረስ ከሰዓት በኋላ አንጎሏን በማደንዘዣ ዝም ካሰኟት እንቁላል የምትለቅበት ጊዜ በ24 ሰዓት ይዘገያል። ያን ያህል ሰዓት አክባሪ እንስሳ ናት። ያው ከሰዓት ላይ ፕሮላክቲኗም ከፍ ይላል።

እኛ ዘንድ መብራት ይሄዳል። ቀን መሄዱ አንድ ችግር ነው። የባሰው ግን ማታ ነው። ማብሪያው ተከፍቶ ተረስቶ ሌሊት መብራት ሲመጣ ክፍሉ ቦግ ይላል። አይጦቹ ነጋ ብለው ያስባሉ፤ ማንም አላየም፤ ጠዋት የሚገባው ሰው ሁሉም ደህና ነው ብሎ ይመዘግባል። ስለዚህ በጀቱ ላይ ከኪቱ በፊት ሰዓት ቆጣሪ ማብሪያና ባትሪ ያለው መብራት ይጻፍልኝ። መስኮቱም በጥቁር ይሸፈን። ጥበቃው በባትሪ መብራት እንዳይገባም እነግረዋለሁ።

ሙቀቱም አለ። በመጋቢትና ሚያዝያ ከተማችን ትጋግራለች፤ እነሱ የሚስማማቸው 22 ዲግሪ አካባቢ ነው። ኅዳር ላይ ብንጀምር ይሻላል። መኖውም ይታሰብበት። አኩሪ አተር የበዛበት መኖ ኢስትሮጅን መሰል ነገር አለው፤ ኢስትሮጅን ደግሞ ፕሮላክቲንን ይጨምራል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት መኖ ይሁን፤ የተሠራበትም ይጻፍ።

የጤና ቢሮ አባል

ጋሼ፣ እናመሰግናለን። እኔ ሌላ ሐሳብ ነበረኝ። ለክልላችን እንቅርት አይቀርብም ወይ? አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ ሲዳከም ፒቱታሪው ቲኤስኤች ይጨምራል፤ የታይሮይድ እጢው ያብጣል። በአይጥ በደንብ የሚታይ ነገር ነው፤ ሕዝቡም ያውቀዋል።

የፊዚዮሎጂ መምህሩ

እውነት ነው፣ ይቀርባል። ግን የእንቅርት መፍትሔው ይታወቃል፤ አዮዲን ያለው ጨው ነው። እዚያ የጎደለን ጨው በትክክል ለሰው መድረሱን መከታተል እንጂ የአይጥ ሙከራ አይመስለኝም። የፕሮላክቲኑ ጉዳይ ግን መድኃኒቱ ሲቆም ዑደቱ በስንት ቀን ይመለሳል የሚል የሚለካ ጥያቄ አለው።

የማስተርስ ተማሪዋ

ጫትስ? ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን ዶፓሚንን ያስለቅቃል፤ ዙሪያችን ደግሞ በጫት ማሳ ተሞልቷል። ፕሮላክቲንን ዝቅ ያደርግ ይሆን?

አስተባባሪዋ

ጥያቄሽ ጥሩ ነው እህቴ፤ እኔም ጓጉቻለሁ። ግን ካቲኖን ቅጠሉ በጠወለገ ቁጥር ይቀንሳል፤ ዛሬ የሰጠነውና ነገ የምንሰጠው እኩል አይሆንም። መጀመሪያ መጠኑ በሚታወቅ መድኃኒት ዘዴያችንን እናጥራ። የሁለተኛውን ዙር ሐሳብ አንቺ ጻፊው።

እስካሁን በተባለው መሠረት የፕሮፖዛሉ ዋና አንቀጽ ይኸው፦

«ዑደታቸው የተስተካከለ ዊስታር የሚባለው የላብራቶሪ ዝርያ ሴት አይጦች፣ በተቆጣጠርነው ብርሃንና መኖ፣ መጀመሪያ ያለ መድኃኒት ቢያንስ ሁለት ዑደት ይታያሉ። ከዚያ ግማሾቹ ሜቶክሎፕራሚድ፣ ግማሾቹ ሳላይን ይወስዳሉ። መድኃኒቱ ሲቆም ዑደታቸው እስኪመለስ ክትትሉ ይቀጥላል። እያንዳንዷ አይጥ ከራሷ ጋር ስለምትነጻጸር የእንስሳቱ ቁጥር አነስተኛ ይሆናል። ስላይዱን የሚያነበው ሰው የትኛዋ ምን እንደወሰደች አያውቅም።»

የላብራቶሪ ቴክኖሎጂስቷ

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ወድጄዋለሁ። ስለ ደሙም አንድ መስመር ይግባ። 250 ግራም የምትመዝን አይጥ 16 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም ነው ያላት፤ በአንድ ጊዜ ከ1.6 ሚሊ ሊትር በላይ አይወሰድም። ለኪቱ ከዚያ በጣም ያነሰ ይበቃል።

የእንስሳት ቤቱ ኃላፊ

ኬጁ ከተነካ በ3 ደቂቃ ውስጥ ደሙ መወሰድ አለበት። አለዚያ የምትለኩት ድንጋጤዋን ነው፤ ፕሮላክቲን በድንጋጤም ይወጣል። ከሥራው አስቀድሞ ለሳምንታት በእጅ እናላምዳቸዋለን፤ ይህን ለእኔ ተዉት።

አስተባባሪዋ

ሁለቱም ገብተዋል። ከሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ሳናገኝ አንዲት አይጥ እንኳ አናዝም። የማመልከቻውን ቅጽ መምህሩ ይሞላሉ፤ የበጀቱን ሠንጠረዥ ፋርማሲስታችን ያዘጋጃል፤ ጋሼ የመብራቱን ዕቃ ዋጋ ጠይቀው ያመጡልናል። ሐሙስ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ እንገናኝ።