የጓያ መርዝ ጉዳይ «ለእኛ አይደለም»?

የጅሩ ልጅ፦ ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ስለ ዘር ማሻሻል በተጠራ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። አንዱ ስለ አርኤንኤ ኢንተርፈረንስ ጠየቀ። ተናጋሪው «ይሄ የሀብታም አገር ሳይንስ ነው፤ ለእኛ አይደለም» ብሎ ዘጋው። አዳራሹም አጨበጨበ። በጣም ተናደድኩ። ይህ ዘዴ ጂን የሚያወጣውን መልእክት፣ አርኤንኤውን፣ እየቆረጠ ጂኑን ዝም ያሰኘዋል። እግር የሚሰብረውን የጓያን መርዝ ሊቀንስልን ይችል እንደሆነ መጠየቅ እንኳ ነውር ሆነ? ጓያ የሚበላው ማን ነው?

መንዜው፦ ሰውዬው ምን አጠፋ? አሜሪካ በፈረንጆቹ 2018 የፈቀደችው የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት መድኃኒት፣ ፓቲሲራን፣ ለአንድ ታማሚ በዓመት 450 ሺህ ዶላር ገደማ ነው የተተመነው። በ2023 ደግሞ በዚሁ ዘዴ የሚሠራ ድንች ላይ የሚረጭ መድኃኒት ፈቀዱ። የሚገድለው ድንች የሚበላውን የኮሎራዶ ጥንዚዛን ነው። እሱ እኛ ጋ የለም። ለእኛ አይደለም ማለት ይሄው ነው።

የጅሩ ልጅ፦ መድኃኒትና ዘርን ምን አገናኘው? መድኃኒት ባለቀ ቁጥር ይገዛል። ጓያን ግን ገበሬው ከራሱ ጎተራ አውጥቶ ነው የሚዘራው። ሃዋይ ውስጥ ፓፓያ በቫይረስ ሊያልቅ ሲል ያተረፈው ዝርያ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። በፈረንጆቹ 1998 ዘሩን ለገበሬው በነፃ አደሉት። «ለእኛ አይደለም» ያላቸው አልነበረም።

አረርቲ፦ ሃዋይም አሜሪካ ነው ወንድሜ። እኔ ዘሬን የሚነካብኝ አልፈልግም። አለቀ።

ዲኤው (የግብርና ልማት ሠራተኛው)፦ ነገሩ እየተቀላቀለ ነው። የሚረጨው የተክሉን ዲኤንኤ አይነካም፤ ራሱም ቶሎ ይበሰብሳል። ጓያ ላይ የምትሉት ግን ሌላ ነው። ተክሉ ራሱ ድርብ አርኤንኤ እንዲሠራ ዘሩ ውስጥ አዲስ ነገር ይገባል። ከዚያ ዳይሰር የሚባለው ኢንዛይም ድርቡን ከ21 እስከ 24 ፊደል ባላቸው ቁርጥራጮች ይከትፈዋል። እነሱም የሚመሳሰላቸውን መልእክት እየፈለጉ ያስቆርጡታል። የአሜሪካ ሳይንቲስቶቹ ፋየርና ሜሎ በፈረንጆቹ 2006 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ድርብ አርኤንኤ ጂንን ዝም እንደሚያሰኝ በትል ላይ ስላሳዩ ነው። በእኛ ሕግ እንዲህ ያለው ዘር ልውጥ ሕያው (ዘረመሉ የተለወጠ) ነው። ፈቃድ ይጠይቃል።

አረርቲ፦ ይኸው! ልውጥ ነው አላችሁ።

የጅሩ ልጅ፦ ቢቲ ጥጥ የሚባለው፣ ትል የሚከላከለው ልውጥ ጥጥስ በፈረንጆቹ 2018 እዚሁ አገር ተፈቅዶ የለ?

አረርቲ፦ ጥጥ ይለበሳል። ጓያ ሽሮ ሆኖ ልጄ አፍ ይገባል።

የአንኮበሯ፦ እኔ ነርስ ነኝ። ጓያ የሰበረውን ሰው አይቻለሁ። በእግሩ ጣት ይረግጣል፤ ጉልበቱና ጉልበቱ ይጠላለፋል፤ ያለ ምርኩዝ አይቆምም። ብዙዎቹ ወጣት ወንዶች ናቸው። ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ደምቢያና ፎገራ ላይ ስንት ዓመት የደከሙበት በሽታ ነው። ግን የጅሩ ልጅ፣ ሰውን የሰበረው ጓያው ብቻ አይደለም፤ ረሃቡም ነው። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ወሎ ደላንታ ላይ ወረርሽኝ ሲነሳ ተጠንቷል። ከእህል ጋር ቀላቅለው የበሉት የተሻለ ተርፈዋል። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትም መርዙን ይቀንሳል። ይሄ ሁሉ ላቦራቶሪ አይፈልግም።

የጅሩ ልጅ፦ እታለም፣ በድርቅ ዓመት የሚቀላቀለው እህል ከየት ይምጣ? ጤፉ ሲከስም ጓያው ብቻ ዋልካው ላይ ቆሞ ይቀራል። የሚደፋ ውሃስ የታለ? እናቶች በእንስራ እያመላለሱ ነው የሚቀዱት።

መንዜው፦ አያቴ ጓያ ማሳ ውስጥ የተኛ ሰው ይሰበራል ይሉ ነበር። መንዝ ገብሱን ይዞ ከዚህ ጣጣ ተርፏል።

የአንኮበሯ፦ ጋሼ፣ እሱ ልማድ ነው። የሚሰብረው መብላቱ ነው፤ ያውም ለወራት ጓያ ብቻ ሲበላ።

መንዜው፦ አያቴን ውሸታም እያልሽ ነው?

የአንኮበሯ፦ አላልኩም። ማሳ መሻገር የሚፈራ ሰው ቤቱ ገብቶ ያንኑ ጓያ ይበላል። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ዲኤው፦ ዋሴ የሚባል መርዙ ዝቅ ያለ ዝርያ በማዳቀል ወጥቷል። ልውጥ አይደለም። ችግሩ የጓያ መርዝ እንደ መሬቱና እንደ ዝናቡ ይለዋወጣል፤ ድርቅ ሲመታው ከፍ ይላል።

የጅሩ ልጅ፦ እኔም የምለው ይሄንኑ ነው! ሰው ጓያ ላይ የሚወድቀው በዚያው በድርቁ ዓመት ነው። መርዙን የሚሠራውን ኢንዛይም ደግሞ በ2023 እንግሊዝ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ከነጓደኞቻቸው ለይተው አሳትመዋል። ዝም የሚሰኘው የቱ ጂን እንደሆነ ፍንጭ አለ ማለት ነው። የኛ ሰው «ለእኛ አይደለም» ብሎ ሲያጨበጭብ አያናድድም?

መንዜው፦ መርዙ ሲጠፋ ድርቅ መቻሉም አብሮ ቢጠፋስ? ያኔ ጓያም የለ፣ ጤፍም የለ።

የጅሩ ልጅ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ታዲያ ማን ይመርምረው? ለእኛ ካልሆነ እነሱ ለእኛ ብለው ይመረምሩልናል?

መንዜው፦ መርምሩ። ዘሩ ግን ከተከለለ ቦታ እንዳይወጣ።

አረርቲ፦ ንብ አጥር አይመልሳትም። ጓያ አበባ ላይ ስታርፍ አላያችሁም? ከእናንተ ማሳ ተነስታ እኔ ማሳ ትመጣለች።

ዲኤው፦ ጓያ በብዛት ራሱን በራሱ ነው የሚያዳቅለው፤ በንብ የሚዳቀለውም ግን ቀላል አይደለም። አረርቲ እዚህ ላይ እውነት አለው።

የጅሩ ልጅ፦ እሺ፣ ርቀቱ ይለካ፤ አበባው ይሸፈን። ይሄም እኮ ምርምር ነው። እኔ ነገ ዝሩ አላልኩም። የጠየቅኩት ያ አዳራሽ ለምን እንዳጨበጨበ ነው፤ እስካሁን የመለሰልኝ የለም።

መንዜው፦ እኔ መልሻለሁ። ዋጋውን እንደገና አንብበው።